ከቀኝ የሚከፈት መጽሐፍ

ሱፍያን ታሪኬን ጻፍልኝ ብሎ አልለመነኝም። የምጽፈው ለራሴ ብዬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተሳቀብኝ ሰው እኔ ነኝና። ባለፈው ዓመት፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ያ ሁሉ የተሳቀበት ነገር ልክ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ስሜ ምንይችል ይባላል፤ እዚህ መካነ ሰላም ሒሳብ አስተምራለሁ። ሱፍያን ደግሞ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ቤት የሱቅ ስም የሚጽፈው ሠዓሊ ነው። በከተማችን በቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ እጅ ነው።

ልጆች ሆነን ጎረቤታሞች ነበርን። የእነሱንና የእኛን ግቢ የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነበር። እናቱ እትዬ ሀጀራ በ1986 ዓ.ም. ለዑምራ ብለው ጂዳ ሄዱና እዚያው ሰው ቤት ሥራ ይዘው ቀሩ። ሱፍያን ያኔ አምስት ዓመቱ ነው። አባቱ ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጉት አክስቱ እቴቴ ናቸው። እናቱን የሚያውቃቸው በካሴት ቀድተው በሚልኩት ድምፅና በካርቶን ነበር። ካርቶኑ በዓመት አንዴ ከሐጅ በሚመለስ ሰው እጅ ይመጣል። ተምር አለው፣ ሳሙና አለው፣ ለእቴቴ የሚሆን ጨርቅ አለው። ከሥር ደግሞ የአሠሪዎቻቸው ልጆች አይተው የጣሏቸው የልዕለ ጀግና መጽሔቶች ይገኛሉ።

እትዬ ሀጀራ ፊደል አልቆጠሩም። አማርኛም ሆነ ዓረብኛ ማንበብ አይችሉም። መጽሔቶቹን ከቆሻሻ ቅርጫት እያወጡ የላኩት ሥዕል ስላለባቸው ብቻ ነበር። በካሴቱ ላይ፣ ምን እንደሚሉ እንደማያውቁ፣ ለልጁ ካልረቡት እቴቴ እሳት ይለኩሱባቸው ብለው ተናግረዋል።

እሳት አልነካቸውም። ሱፍያን አሥራ ስድስቱንም በአሮጌ ሻንጣ አድርጎ ከአልጋው ሥር አስቀመጣቸው። ጀግናው አረንጓዴ ካባ የለበሰ፣ የሚበር፣ በር የማያውቅ ሰው ነበር። የትም ሲገባ ግድግዳ ጥሶ ነው የሚገባው። ስሙን በቅጡ ስላላወቅነው እኛው የፈረስ ስም አወጣንለትና አባ ጥሶ አልነው። ሱፍያን ሼህ ይመር መድረሳ ስለሚቀራ የዓረብኛውን ፊደል ያውቀዋል፤ ትርጉሙን ግን አያውቅም። አንድ ቀን ከአባ ጥሶ ቡጢ አጠገብ በቀይ የተጻፈ ትልቅ ቃል አሳያቸውና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃቸው። ሼህ ይመር መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩት በኋላ ይህ ቃል በየትኛውም ኪታብ የለም አሉ። ለካ የቡጢው ድምፅ ነው።

አሁን ወደ እኔ ውርደት እንምጣ። ስምንት ዓመታችን ይመስለኛል። እቴቴ ሱፍያንን ወፍጮ ቤት ልከውት እኔ ካቡ ላይ ከአንዱ መጽሔት ጋር ብቻዬን ቀረሁ። እኔ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ የማውቀው የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው፤ እንደሱ ከግራ ከፈትኩት። የዓረብኛ መጽሐፍ ከቀኝ እንደሚጀምር ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ እኔ ያነበብኩት ታሪክ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከተማው ሁሉ እያጨበጨበ አባ ጥሶን ይሸልመዋል። ቀጥሎ ከባለ አራት እጅ ጭራቅ ጋር ይገጥማል። ቡጢ በተሰነዘረ ቁጥር ድንጋዩ ከመሬት እየተነሣ ቦታው ይገባል፤ የወደቀው ፎቅ ይቆማል፤ የተሰባበረው መስታወት ይገጥማል። ከተማው ተሠርቶ ሲያልቅ ጭራቁ ዋሻው ገብቶ ይተኛል። አባ ጥሶም ካባውን አውልቆ ቢሮ ይቀመጥና ሻይ ይጠጣል።

ሱፍያን ሲመለስ ይህን ሁሉ በኩራት ተረክኩለት። ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ከካቡ ወደቀ። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሰምቶት ስሜ "ወደኋላ" ሆነ። ምንይችል ወደኋላ። አሁን ሸበትኩ፣ የክፍል ኃላፊ ሆንኩ፣ ተማሪዎቼ ግን ፊቴን ባዞርኩ ቁጥር አሁንም ይሉኛል። እኔ ያ ታሪክ ጥሩ ታሪክ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ፤ የሚሰማኝ አልነበረም እንጂ።

ሱፍያን አደገ፤ አባ ጥሶም አብሮት አደገ። ወግዲ ውስጥ አንድ ከስደት ተመላሽ አዲስ መጽሔት ይዞ መጥቷል ሲባል በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍሮ፣ አቧራ ለብሶ ሄዶ አይቶ ተመልሷል። ቪዲዮ ቤት የሚበር ሰው ያለበት ፊልም ካለ አንደኛው ወንበር የእሱ ነው። ሠዓሊ ሲሆን ደግሞ ጉዱ ፈላ። የመድኃኒት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ወባን በጡጫ የሚመታ ጡንቻማ ሰው ሣለ። ሥጋ ቤት ያለው ሞላ በሬ ሣልልኝ ቢለው አረንጓዴ ካባ የለበሰ በሬ ሣለለት። ሞላ በጣም ተቆጣ። ሰው ግን በሬውን ለማየት እየመጣ ሥጋ ይዞ ሲሄድ ቁጣው በረደ። ሱፍያን እንደዚያ ነበር፤ ግድግዳ ያልተጣሰበት ታሪክ ታሪክ አይመስለውም።

በ2006 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከሳውዲ ሲመለስ እትዬ ሀጀራም ተመለሱ። መናኸሪያ ልንቀበላቸው የሄድነው ሁለታችን ነን። ሱፍያን ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጢም አብቅሏል፤ ለክብራቸው አዲስ አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሷል። እትዬ ሀጀራ አንዲት ሻንጣ ይዘው ከአውቶቡሱ ወረዱና ሰዉ መካከል ልጃቸውን መፈለግ ጀመሩ። በፊታችን አለፉ። ዓይናቸው ወገባችን አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ከፍ አላለም። ፎቶው በየዓመቱ ይላክላቸዋል፤ ትልቅ ሰው እንደሆነ ያውቃሉ። ዓይናቸው ግን የሚያውቀው ሌላ ነበር፤ የአምስት ዓመት ልጅ ቁመት ላይ ነው የሚፈልጉት። ሱፍያን ክንዳቸውን ይዞ እኔ ነኝ ሲላቸው ቀና ብለው ጢሙን ዳበሱና አለቀሱ። ሻንጣውን ተሸክመን ስንሄድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ዝቅ ብላ ነው የፈለገችኝ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አንድም ቀን አላነሣውም። እኔም ላነሣበት አልደፈርኩም።

ሱፍያን አግብቶ ፈርሂያን ወለደ። ፈርሂያ አራት ዓመት ሲሞላት ያችን ሻንጣ ከአልጋ ሥር አወጣላትና እንደ ትልቅ ውርስ አንድ በአንድ ያሳያት ጀመር። እትዬ ሀጀራ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። አባ ጥሶ የአንድ ሀብታም ቤት ግድግዳ ጥሶ ሲገባ፣ መስታወቱ ሁሉ ሲረግፍ የሚያሳየው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ።

"ይህን ሁሉ ብርጭቆ ማን ሊጠርገው ነው?" አሉ።

ሱፍያን ሳቀ። ከዚያ ግን ገጹን ሲያየው ሳቁን አቆመ። በሥዕሉ ጥግ፣ ከጥፍር የማትበልጥ አንዲት ሴት መጥረጊያ ይዛ ጎንበስ ብላለች። ያን ገጽ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ በዓይነ ኅሊናው ይሥለዋል። ሴትዮዋን ግን አይቷት አያውቅም። መጽሔቱን ይዞ እኔ ቤት መጣና አሳየኝ። እኔም አይቻት አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ ብል አልዋሽም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ተለወጠ። አሥራ ስድስቱን መጽሔቶች ከጥግ እስከ ጥግ ፈትሾ ትንንሾቹን ሰዎች ሁሉ አገኛቸው። የአውቶቡስ ሾፌሩን፣ ጭራቁ ሲመጣ ድስቷን ከእሳት የምታወርደውን፣ ልጇን የምትጠራውን። ካባ የለበሰውን በሬ አጠፋና ለሞላ ሣር የሚግጥ በሬ ሣለለት፤ ሞላ በዚህም በጣም ተቆጣ። ፊልም ሲያይ ውጊያው ሲጀመር ይነሣና ይወጣል። የሚወደው መጀመሪያውን ነው፤ ጀግናው ገና ሸሚዙን እየተኮሰ፣ ከእናቱ ጋር ቁርስ እየበላ ያለበትን። እኔ አሁንም ውጊያ እወዳለሁ፤ ለብቻዬ ቁጭ ብዬ መጨረስ ጀመርኩ። እርጅና ነው ብዬ አሾፍኩበት። ሆዱ የራራ ሰው እንደሆነ ግን ይገባኝ ነበር።

እትዬ ሀጀራ ስኳር አለባቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ደሴ ያያቸው ሐኪም፣ ዓይናቸው እየደከመ እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሚቆይ መናገር እንደማይችል ነገራቸው። በመልስ መንገድ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ይህ ዓይን አንድ መጽሐፍ እንኳ ሳያነብ ሊሄድ ነው ብለው ለሱፍያን ነገሩት። የጎልማሶች ትምህርት ሞክረው ነበር፤ ፊደሉ አልያዝ ብሏቸው በሁለት ወር አቋረጡ። ያን ሁሉ መጽሐፍ ከቆሻሻ አውጥተው ልጅ ያሳደጉበት ሴት አንዱንም አላነበቡትም። ሱፍያን ይህን ሲነግረኝ ቆርጦ ነበር። ዓይናቸው ሳይሄድ እናቱ አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አለባቸው። ፊደል ከሌላቸው ፊደል የሌለው መጽሐፍ እሱ ራሱ ይሠራል።

ዓመት ከመንፈቅ ፈጀበት። በቀን የሱቅ ስም ይጽፋል፤ በዕረፍቱ ይሥላል። አርባ ገጽ፣ በየገጹ አንድ ትልቅ ሥዕል፣ መስመሩ የደከመ ዓይን እንዲያየው የወፈረ። ታሪኩ የእናቱ ነው። ልጅ ያዘለች ሴት ደጃፏ ላይ ቆማለች። ልጁን ታወርደዋለች፤ ቀሚሷን ይዞ ያለቅሳል። አውቶቡስ ትገባለች፤ ልጁ መንገድ ዳር እጁን ዘርግቶ ይቀራል። አውሮፕላን፣ ትልቅ ቤት፣ ማለቂያ የሌለው ደረጃ። እጇ በየገጹ እየተሰነጣጠቀ ይሄዳል። ከቅርጫት መጽሐፍ አውጥታ ካርቶን ውስጥ ታስገባለች። መጨረሻ ላይ የመመለሻው አውቶቡስ፣ መናኸሪያው፣ ባለጢሙ ጎረምሳ፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ የምትፈልገው ሴትዮ። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል። ከአባ ጥሶ የቀረ ነገር ቢኖር የሴትዮዋ ሻሽ ነው፤ አረንጓዴ አደረገው።

እኔ ሥዕሎቹን እያየሁ ብዙ ተጨቃጨቅሁ። አንድ ግድግዳ እንኳ ለምን አይፈርስም አልኩ። ዋናው ጭቅጭቄ ግን መጨረሻው ነበር። እኒህ ሴት ሊያነቡት የሚችሉት አንድ መጽሐፍ ይህ ነው፤ ልጃቸውን እንዳጡ ሲያልቅ ልታስነብባቸው ነው ወይ አልኩት። ሌሎቹን ምክሮቼን በሳቅ ያልፋቸው ነበር። ለዚህ ግን አልሳቀም።

"ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አልዋሻትም" አለኝ።

ጥር ላይ ተጠናቀቀ። ራሱ ሰፍቶ፣ ራሱ ጠርዞ፣ በአንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለእናቱ ሊሰጥ ወሰነ። ጎረቤቶች ለዚያራ፣ ለጥየቃ፣ መጥተው ቤቱ ሞልቷል። ቤይሩት ስምንት ዓመት የሠራችው ይታይሽ አለች፤ ሼህ ይመርም በእርጅናቸው በሰው ተደግፈው መጥተዋል። ሱፍያን መጽሐፉን በሁለት እጁ ሰጣቸው። እትዬ ሀጀራ ማንበብ እንደማይችሉ ሊያስታውሱት ሲሉ፣ ይህ ፊደል የለውም፣ አንቺው አንብቢው አላቸው። ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። መነጽራቸውን አደረጉ። "ቢስሚላህ" አሉና ከፈቱት።

የከፈቱት ከቀኝ ነው።

ሌላ ከየት ሊከፍቱት ይችላሉ? በዕድሜያቸው ሰው ሲከፍተው ያዩት መጽሐፍ፣ ከሼህ ይመር ቁርዓን ጀምሮ እስከ አሠሪዎቻቸው ልጆች ደብተር፣ በሙሉ ከቀኝ ነው የሚከፈተው። ፊታቸው ላይ የተዘረጋው የመጨረሻው ገጽ ነው፤ መናኸሪያው። ሱፍያን ብድግ ብሎ ሊያስተካክላቸው ሲል ክንዱን አጥብቄ ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት ያን ጊዜ በውል አላወቅሁም። እንዲህ ያለ አነባበብ የት እንደሚያደርስ በዚያ ቤት የማውቅ ሰው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

እትዬ ሀጀራ ሥዕሉን ብዙ አዩት። ራሳቸውን አወቁት፤ ልጃቸውንም አወቁት። ከዚያ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

"ይች እኔ ነኝ። ይኼ ጎረምሳ ከፊቷ ቆሟል፤ እሷ ግን ወደ ታች ነው የምታይ። የጠፋባት አለ።" ገጹን ገለጡ። "አውቶቡስ ገባች። ልትፈልገው ነው የምትሄድ።"

አንድ ገጽ እየገለጡ፣ በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ። ትልቁ ቤት ጋ ሲደርሱ ደረጃውን አወቁት፤ ሠላሳ ስድስት ነው ወላሂ አሉ። ከዚያ እጆቹን አዩ። ሱፍያን ገጽ በገጽ የሰነጣጠቃቸው እጆች በእሳቸው ንባብ ስንጥቃቸው እየገጠመ፣ ቆዳቸው እየለሰለሰ ይሄዳል። እጇ እየዳነላት ነው ብለው የራሳቸውን እጅ አገላብጠው አዩት። መጽሐፉ ከካርቶን ወጥቶ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሳቁ። ለባለቤቶቹ መለሰችላቸው፣ ከእንግዲህ ካርቶን አትልክም፣ አሁን ራሷ እየሄደችለት ነው አሉ። ይታይሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሱፍያን ቁጭ አለ፤ ክንዱን ለቀቅሁት።

ከአውሮፕላኑ ወረዱ። አውቶቡስ ገቡ። መንገድ ዳር አንድ ትንሽ ልጅ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

"እየጠበቀኝ ነው" አሉ እትዬ ሀጀራ። ከዚህ በኋላ "እሷ" ማለት ተዉ። "አየኝ። ይኸው ቀሚሴን ያዘ።" የመጨረሻውን ገለጡ። "አዘልኩት። ደጃፌ ላይ ነኝ። አልሀምዱሊላህ፣ ደርሼበታለሁ።"

መጽሐፉን ዘጉና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ሱፍያንን ቀና ብለው አዩት። ዝቅ ብለው አልፈለጉትም፤ ፊቱን ነው ያዩት።

"ጨረስኩት ልጄ" አሉት።

እልልታውን ያስነሣችው ይታይሽ ናት። ሼህ ይመር ዱዓ አደረጉ። ሁሉም አለቀሰ፤ እኔም ሳልደበቅ አለቀስኩ። ሱፍያን እናቱ ጉልበት ላይ ግንባሩን አስደግፎ ብዙ ቆየ። ሲነሣ መጀመሪያ የፈለገው እኔን ነው። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩትን ቃል በሰው ሁሉ ፊት ነገረኝ።

"ወደኋላ፣ ልክ የነበርክ አንተ ነህ" አለ።

ትክክለኛውን መልስ ብዙ ዓመት ተዘጋጅቼበት ነበር። መልሱን ትቼ አቀፍኩት። ሱፍያን ግድግዳ የሚጥሰውን ጀግና ትቶ ለሚጠርጉት ሲል የሣለው መጽሐፍ፣ አባ ጥሶ ጉልበቱን ሁሉ ቢያፈስስ የማይችለውን ሥራ ሠርቶ አየሁ።

አሁን ጠባቧ ቤት ሥራ በዝቶባታል። በማግስቱ ይታይሽ መጥታ የእኔንም ሥራልኝ አለች። ከእሷ በኋላ ሌሎች መጡ፤ አንዷ ከወግዲ፣ ሁለቱ ከአጅባር ድረስ። ሱፍያን እስካሁን አምስት መጽሐፍ ጨርሷል። ሁሉንም ሲጀምር አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ መጨረሻው የት እንዲሆን እንደሚፈልጉ። ከእናቱ መጽሐፍ ወዲህ ጠርዙን በግራ የሰፋው መጽሐፍ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም፤ ሁሉም ከቀኝ ነው የሚከፈቱት። በየሽፋኑ ውስጥ በትንሹ "አነባበቡን ያስተማረው፣ ምንይችል ወደኋላ" ብሎ ይጽፋል። ተማሪዎቼ አይተውታል፤ ስሙን አሁን ፊቴ ላይ ነው የሚሉኝ፤ አልቆጣም።

የእትዬ ሀጀራ ዓይን ደክሟል። ሥዕሉን የሚያዩት ወደ መስኮቱ አስጠግተው ነው፤ ግን ከዚያ ዓርብ ወዲህ ያላነበቡበት ሳምንት የለም። ባለፈው ቅዳሜ ቤታቸው ስሄድ ፈርሂያ ከትምህርት ቤት በለመደችው መጽሐፉን ከግራ ልትከፍተው ስትል አገኘኋቸው። አያቷ እጇን ቀስ አድርገው ያዟት።

"በዚያ በኩል አትክፈችው፤ በዚያ በኩል ልጁ መንገድ ላይ ይቀራል" አሏት።

ፈርሂያ መጽሐፉን አዞረችው።